ድምፁን ያጣ ፒንቦል፦ ዝምታን በግማሽ እየከፈሉ የመመርመር ጥበብ

ሐኪም ዘንድ የሚቀርብ ሕመምተኛ የት እንደሚያመውና መቼ እንደሚብስበት ይናገራል። ዝም ያለ ማሽን ግን የሚናገረው ነገር ያለው አይመስልም። መብራቱ ይበራል፤ ኳሷ ትሮጣለች፤ ነጥቡ ይቆጠራል፤ ድምፅ ግን የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽንም የሚስማማ ነው። ልዩነቱ ማሽን በሽታውን የሚደብቀው በአግባቡ የሚጠይቀው ሰው እስኪያገኝ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ድምፁ የጠፋ አሮጌ የፒንቦል ማሽን እንዴት እንደሚመረመር ለመመልከት እንሞክራለን። ይህን ምሳሌ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ40 ዓመታት በፊት በተሠራ የፒንቦል የድምፅ ቦርድ ላይ አንድ ሙሉ ኮምፒዩተር፣ የራሱ የኃይል ምንጭና የራሱ ድምፅ ማጉያ በአንድነት ተቀምጠው ይገኛሉ። ቺፖቹ ትልልቅ፣ እግሮቻቸውም በዓይን የሚታዩና በመለኪያ የሚነኩ ናቸው። ስለዚህ በዘመናችን ስልኮች ውስጥ ተሰውሮ የቀረውን አሠራር ደረጃ በደረጃ ለመከተል ያመቻል።

ከደወል ወደ ኮምፒዩተር

ፒንቦል በመስታወት በተሸፈነ ተዳፋት ጠረጴዛ ላይ የብረት ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ኳሷ ወደ ታች እንዳትወድቅ የሚመልስባቸው አጫጭር ክንፎች በጨዋታው ላይ የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ1947 ጎትሊብ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ ባወጣው «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በተባለ ማሽን ነው። ከዚያ በፊት ጨዋታው በአብዛኛው በዕድል ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከቁማር ጋር ተያይዞ ይታይ ነበር። የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1942 ያገደውን ይህን ጨዋታ እንደገና የፈቀደው በ1976 ነበር።

የቀድሞዎቹ ማሽኖች ድምፅ ከእውነተኛ ደወልና ከብረት ዘንግ የሚወጣ ነበር፤ ኤሌክትሮማግኔት ትንሽ መዶሻ ስቦ ደወሉን ይመታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ማይክሮፕሮሰሰር ወደ ፒንቦል ሲገባ ግን ድምፁም በስሌት የሚፈጠር ሆነ። ሌላው የቺካጎ ኩባንያ፣ ዊሊያምስ፣ በ1979 ያወጣው «ጎርጋር» የተባለው ማሽን በሰው አንደበት የተናገረ የመጀመሪያው ፒንቦል ነው። የሚያውቀው ሰባት ቃላት ብቻ ቢሆንም ኳሷ በጨዋታ ላይ በቆየች መጠን እየፈጠነ የሚሄድ የልብ ትርታ ነበረው። ከዚህ እንደምንረዳው በፒንቦል ውስጥ ድምፅ ጌጥ ብቻ አይደለም። ተጫዋቹ ዓይኑን ከኳሷ ሳያነሣ የጨዋታውን ሁኔታ የሚያውቀው በጆሮው ነው። ድምፁን ያጣ ፒንቦል ግማሽ መረጃውን አጥቷል ማለት ይቻላል።

የድምፁ መንገድ

የዚያን ዘመን የዊሊያምስ የድምፅ ቦርድ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ኳሷ አንድ ኢላማ ስትመታ ዋናው ኮምፒዩተር ድምፁን ራሱ አይፈጥርም። በአምስት ሽቦዎች አማካይነት ለድምፅ ቦርዱ የትእዛዝ ቁጥር ይልክለታል። እያንዳንዱ ሽቦ ሁለት ሁኔታዎች ብቻ ስላሉት አምስቱ በአንድነት 32 የተለያዩ ሁኔታዎችን ይገልጻሉ። አንዱ ሁኔታ «ምንም ትእዛዝ የለም» ማለት ስለሆነ 31 ትእዛዞች ይቀራሉ።

ትእዛዙን 6821 የተባለው የመገናኛ ቺፕ ተቀብሎ 6802 ለተባለው ማይክሮፕሮሰሰር ያስረክባል። ማይክሮፕሮሰሰሩ በቋሚ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ከተጻፈለት ፕሮግራም ተገቢውን ክፍል አውጥቶ የቁጥሮች ተከታታይ ያሰላል። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 255 ያሉ ናቸው። 1408 የተባለው ቺፕ እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ተመጣጣኝ ኮረንቲ ይለውጠዋል። ሙሉ መጠኑ 2 ሚሊአምፔር ቢሆን አንዱ እርከን ወደ 7.8 ማይክሮአምፔር ገደማ ይሆናል። ይህ ኮረንቲ ወደ ቮልቴጅ ተለውጦ፣ በድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው በኩል አልፎ፣ ቲዲኤ 2002 በተባለ ባለ አምስት እግር ማጉያ ጎልብቶ የስፒከሩን ወረቀት ያንቀሳቅሳል።

የማይክሮፕሮሰሰሩን ፍጥነት እንመልከት። ምቱን የሚሰጠው በአሜሪካ ባለ ቀለም ቴሌቪዥኖች ይሠራበት የነበረው የ3.58 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ሲሆን፣ ቺፑ ይህን ለአራት አካፍሎ በሰከንድ 895,000 ገደማ ምቶችን ይጠቀማል። በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ የሙዚቃ ድምፅ ለመፍጠር ለእያንዳንዱ ርግብግቢት 2,034 ያህል ምቶች አሉት። አንዱን ርግብግቢት በ50 ቁጥሮች ልግለጽ ቢል ለአንዱ ቁጥር የሚደርሰው 40 ምት፣ ማለትም ከአሥር የማይበልጡ መሠረታዊ ትእዛዞችን ለመፈጸም የሚበቃ ጊዜ ነው። ማይክሮፕሮሰሰሩ ለአፍታ ቢደናቀፍ ድምፁ ይበላሻል፤ ጨርሶ ቢቆም ዝም ይላል።

ከመሃል የሚጀምር ጥያቄ

ከላይ የተዘረዘረው መንገድ ሰንሰለት ነው። አንዲት ቀለበት ብትበጠስ ውጤቱ ዝምታ ነው፤ የትኛዋም ብትበጠስ ዝምታው አንድ ዓይነት ነው። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ዋና የመሰለውን ቺፕ ነቅሎ በአዲስ መተካት ነው። ካልሠራ ቀጣዩን ይተካል። ይህ አሠራር ምርመራ ሳይሆን ዕጣ ማውጣት ነው።

ሰንሰለቱ ስምንት ቀለበቶች አሉት እንበል። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ የሚፈትሽ ሰው እስከ ሰባት ፈተናዎች ሊያስፈልጉት ይችላሉ። ከመሃል ጀምሮ «ምልክቱ እዚህ ድረስ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በአንድ መልስ አራቱን ቀለበቶች ነጻ ያወጣል። ቀጣዩ ጥያቄ ሁለት፣ ሦስተኛው አንድ ቀለበት ብቻ ያስቀራል። ቀለበቶቹ 64 ቢሆኑ እንኳ ስድስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የመረጃ ንድፈ ሐሳብ እንደሚያስተምረን የአዎን ወይም አይደለም ጥያቄ ከፍተኛውን መረጃ የሚሰጠው ሁለቱ መልሶች እኩል የመሆን ዕድል ሲኖራቸው ነው። ስለሆነም «መሃል» ስንል የቀለበቶችን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የመበላሸት ዕድላቸውንም ማመዛዘን ይኖርብናል። በአሮጌ ማሽን ውስጥ ማገናኛዎች፣ የስታኞ ብየዳዎችና ካፓሲተሮች ከቺፖች ይልቅ ብዙ ጊዜ ይበላሻሉ። የፈተናው ወጪም ይታሰባል፤ ጆሮን አቅንቶ ማዳመጥ ገንዘብ አያስወጣም።

ወደ ፈተናዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። በፒንቦል ማሽን ውስጥ የግድግዳው ኤሌክትሪክና ለኤሌክትሮማግኔቶቹ የሚሆን ከፍ ያለ ቮልቴጅ አብረው ይገኛሉ። ማናቸውም ቦርድ ወይም ማገናኛ ከመነቀሉ በፊት ማሽኑ ጠፍቶ ስፒናው ከሶኬት መውጣት፣ ትልልቆቹ ካፓሲተሮችም የያዙት ቻርጅ ማለቁ በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። ማሽኑ በርቶ የሚከናወኑ ልኬቶችን ልምድ ያለው ሰው በተገኘበት፣ በአንድ እጅ ማካሄድ ይመረጣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ጭርታ ወይስ እምታ?

ማሽኑን ያብሩና ጆሮዎን ወደ ስፒከሩ ያስጠጉ። ሲበራ ትንሽ «ዱብ» የሚል ድምፅ ወይም ደካማ እምታ ከተሰማ፣ ማጉያውና ስፒከሩ በሕይወት ስለመኖራቸው ጥሩ ምልክት ነው። ኃይለኛና የማያቋርጥ እምታ ከሆነ ደግሞ ኃይሉን የሚያለሰልሰው ካፓሲተር መድረቁን ያመለክታል። አሜሪካ ውስጥ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚዋልል፣ ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ በሚለወጥበት ጊዜ ሁለቱም ግማሾች ተጨምረው የ120 ኸርዝ እምታ ይሰማል። የእኛ አገር መስመር 50 ኸርዝ በመሆኑ ተመሳሳይ ጉድለት በአገራችን 100 ኸርዝ ላይ ይሰማል።

ፍጹም ጭርታ ከሆነ ስፒከሩን እንጠይቅ። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ስፒከሩን ከመስመሩ አላቅቆ፣ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ማስነካት ነው። ጤነኛ ስፒከር «ቀጭ» ይላል፤ ወረቀቱም ሲንቀሳቀስ ይታያል። 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር በኦም መለኪያ 6 ወይም 7 ቢያሳይ መደናገር አይገባም። የተጻፈው ለተዋላይ ኮረንቲ ያለው እክል ሲሆን፣ መለኪያው የሚያየው የጥቅልሉን ሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የመፈተሻው ቁልፍ

በእነዚህ የድምፅ ቦርዶች ላይ መሐንዲሶቹ አንዲት ትንሽ የመፈተሻ ቁልፍ ትተውልናል። ስትጫን ትእዛዙ በአምስቱ ሽቦዎች አይመጣም፤ በቀጥታ ማይክሮፕሮሰሰሩን አቋርጦ «ያለህን ድምፅ ሁሉ አሰማ» የሚለውን ፕሮግራም ያስጀምራል። ይህች ቁልፍ ማሽኑን ከመሃል የምትከፍል ናት። ቁልፏ ተጭና ድምፅ ከተሰማ የቦርዱ ኃይል፣ ማይክሮፕሮሰሰሩ፣ ማኅደሩ፣ ማጉያውና ስፒከሩ ሁሉም ደኅና ናቸው። ጉድለቱ የሚፈለገው ከዋናው ኮምፒዩተር እስከ ድምፅ ቦርዱ ባለው መንገድ፣ ትእዛዙን እስከሚቀበለው ቺፕ ድረስ ይሆናል። ድምፅ ካልተሰማ ደግሞ አምስቱን ሽቦዎች ለጊዜው ረስተን ፊታችንን ወደ ቦርዱ እናዞራለን።

ኃይሉ ተሟልቷል?

የድምፅ ቦርዱ ከትራንስፎርመሩ ተዋላይ ኮረንቲ ተቀብሎ የራሱን ቀጥተኛ ቮልቴጆች ያዘጋጃል፦ ለኮምፒዩተሩ ክፍል 5 ቮልት፣ ለድምፁ ክፍል ደግሞ በ12 ቮልት ዙሪያ የሆኑ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቮልቴጆች። የ5 ቮልቱ ልኬት ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ መሆን የለበትም። ብዙዎች 5 ቮልቱን ለክተው ሲያበቁ «ኃይል አለ» ብለው ያልፋሉ። ነገር ግን ቁጥርን ወደ ኮረንቲ የሚለውጠው 1408 ያለ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ አይሠራም። ኔጋቲቩ ከጠፋ ማይክሮፕሮሰሰሩ በትጋት ሲያሰላ ይውላል፤ የሚሰማው ግን የለም። ስለዚህ ሦስቱም መለካት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ፊውዙ፣ ዳዮዶቹና ካፓሲተሮቹ በየተራ ይታያሉ።

ልቡ ይመታል?

ኃይሉ ከተሟላ ቀጣዩ ተጠያቂ 6802 ነው። ሁለት እግሮቹ ብዙ ይነግሩናል። 40ኛው እግር ሥራ እንዲጀምር የሚፈቅድለት ነው፤ ማሽኑ ከበራ በኋላ ወደ 5 ቮልት ከፍ ብሎ መቆየት አለበት። ዝቅ ብሎ ከቀረ ማይክሮፕሮሰሰሩ አልነቃም። 37ኛው እግር የምቱ መውጫ ነው። ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው በዚያ ላይ የ895 ኪሎኸርዝ ምት ያያል።

ኦሲሎስኮፕ የሌለውም ተስፋ መቁረጥ የለበትም። በ0 እና በ5 ቮልት መካከል በፍጥነት የሚዘል ምልክት ላይ ተራ ቴስተር ሲያርፍ የሚያሳየው አማካዩን ነው። ስለዚህ በምቱ እግር ላይ 2.5 ቮልት አካባቢ፣ በመረጃ መስመሮች ላይ ደግሞ በሁለቱ ጫፎች መካከል የሆነ ንባብ ካገኘን እንቅስቃሴ ለመኖሩ ፍንጭ ነው። አንድ መስመር 0 ወይም 5 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ሊጠረጠር ይገባል። በዚህ ደረጃ ቺፖችን በአዲስ ከመተካት በፊት የቺፖቹን መቀመጫዎች መመልከት ተገቢ ነው። የቀድሞዎቹ መቀመጫዎች የብረት ምላሶች ከዓመታት በኋላ ይላላሉ፤ ይዝጋሉም። ማሽኑን አጥፍቶ ቺፑን በጥንቃቄ ከመቀመጫው አንሥቶ መመለስ ብቻ ንክኪውን አድሶ ድምፅ የሚመልስበት ጊዜ አለ።

ከቁጥር እስከ ሞገድ

ማይክሮፕሮሰሰሩ ሕያው ሆኖ ድምፅ ከሌለ የቀረው የመጨረሻው ሩብ ነው። እዚህም ከመሃል እንጀምር። መሃሉ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው ነው። ከአንዲት ትንሽ የባትሪ ሬዲዮ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ምልክት ወስደን፣ የሁለቱን መሬቶች አገናኝተን፣ በመቆጣጠሪያው መካከለኛ እግር ላይ ብናሳርፍ ሬዲዮው በፒንቦሉ ስፒከር መሰማት አለበት። ከተሰማ ጉድለቱ ከመቆጣጠሪያው በፊት፣ ካልተሰማ ከእርሱ በኋላ ነው።

በኋለኛው ክፍል ተጠርጣሪው ቲዲኤ 2002 ነው። ጤነኛ ሲሆን ምንም ድምፅ በሌለበት ጊዜ የመውጫ እግሩ ከሚመገበው ቮልቴጅ ግማሽ አካባቢ ላይ ያርፋል። ወደ አንዱ ጫፍ ከተጠጋ ተቃጥሏል ወይም አጠገቡ ያለ አካል ተበላሽቷል። ከመቆጣጠሪያው በፊት ያለው ችግር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከካፓሲተር ይመነጫል። ካፓሲተር ቀጥተኛውን ቮልቴጅ አግዶ ተለዋዋጩን ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው። ውስጡ ሲደርቅ በሩ ለሁለቱም ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ የቀጥተኛ ቮልቴጅ ልኬቶች ሁሉ ትክክል ሆነው ሳለ ድምፅ አያልፍም። መቆጣጠሪያው ራሱ ከቦርዱ ርቆ በማሽኑ ሳጥን ላይ የሚገኝ በመሆኑ ወደ እርሱ የሚሄዱት ሽቦዎችና ማገናኛቸውም አይዘነጉም። እንደ «ጎርጋር» ባሉ ተናጋሪ ማሽኖች ደግሞ ድምፁ በንግግር ቦርዱ በኩል ዞሮ ስለሚመለስ፣ ሁለቱን ቦርዶች የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ኬብል ሲላላ ንግግሩ ብቻ ሳይሆን ሌላውም ድምፅ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ትእዛዙ በመንገድ ሲቀር

የመፈተሻው ቁልፍ ድምፅ ሰጥቶ በጨዋታ ላይ ግን ማሽኑ ዝም ካለ ተጠርጣሪዎቹ አምስቱ ሽቦዎች ናቸው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ራሱ ምርመራ ይሆናል። አንድ ሽቦ ብቻ ቢበጠስ ማሽኑ ጨርሶ ዝም አይልም። በዚያ ሽቦ የማይጠቀሙ 15 ትእዛዞች እንደ ወትሮው ይሰማሉ። በእርሱ ብቻ የሚተላለፈው አንድ ትእዛዝ ይጠፋል። የቀሩት 15 ደግሞ በሌላ ትእዛዝ ድምፅ ተተክተው ይሰማሉ። እንግዲያው የተዘበራረቀ ድምፅ የአንድ ሽቦ ጉድለት ሲሆን፣ ፍጹም ዝምታ ግን ሁሉም የሚጋሩት ነገር፣ ማለትም ማገናኛው፣ መሬቱ ወይም ተቀባዩ ቺፕ፣ መጎዳቱን ያመለክታል። በማገናኛው ሥር ያሉትን የስታኞ ብየዳዎች በማጉያ መነጽር ብንመለከት በእግሮቹ ዙሪያ ቀጭን ክብ ስንጥቅ ልናይ እንችላለን። ማሽኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሚፈጠር ስንጥቅ ነው፤ በካውያ እንደገና ሲበየድ ይድናል።

ያልተጠየቀው ቦርድ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በነበረበት ወቅት በተማሪዎች መዝናኛ ክፍል የነበረ አንድ አሮጌ ፒንቦል ድምፁን አጣ። የተጠራው ጠጋኝ ቦርዱን እንዳየ ማይክሮፕሮሰሰሩን በካውያ አውጥቶ በአዲስ ተካ፤ ቀጥሎም የመገናኛውን ቺፕ ተካ። ባለ 40 እግር ቺፕ ያለ በቂ መሣሪያ ሲነቀል ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች አብረው ይላጣሉ። ድምፁ አልተመለሰም። ቦርዱ በመጨረሻ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ መጥቶ ሲመረመር በማገናኛው ሥር አንድ የተሰነጠቀ ብየዳ ተገኘ። ብየዳው ተጠገነ፤ የተላጡት መስመሮች ግን በጣም ብዙ ስለነበሩ ቦርዱ ዳግመኛ አልሠራም። ማሽኑን ለዘለቄታው ዝም ያሰኘው በሽታው ሳይሆን ሕክምናው ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ ጉዳት በጨዋታ ማሽን ላይ ሲደርስ ቀላል ሊመስል ይችላል። ይሁንና ዊሊያምስ ፒንቦል መሥራት ካቆመበት ከ1999 ወዲህ የእነዚያ ማሽኖች ቁጥር የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም። ከዚያም በላይ አንድ ዓይነት ሰንሰለት በየቤተ ሙከራችን አለ። ንባብ የማይሰጥ ስፔክትሮሜትር፣ ምት የማያሳይ የልብ መቆጣጠሪያ፣ የማይሞቅ የላብራቶሪ ምድጃ፣ ሁሉም የኃይል፣ የትእዛዝ፣ የስሌትና የውጤት ክፍሎች አሏቸው። «ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ መጋዘን የሚገባ መሣሪያ ያለበት ጉድለት የአንድ ፊውዝ ወይም የአንድ ብየዳ ሊሆን ይችላል። መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ደግሞ ያለ ጥያቄ የሚነቀል ቺፕ እጥፍ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ካውያውን ከማንሣታቸው በፊት እርሳስና ወረቀት ያንሡ። የምልክቱን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይሳሉ፤ መሃሉን ይፈልጉ፤ በዚያ ቦታ ጤነኛው መሣሪያ ምን ማሳየት እንዳለበት አስቀድመው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ይለኩ። የተጻፈው ትንበያና የተገኘው ልኬት የሚለያዩበት ቦታ የቀጣዩ ጥያቄ መነሻ ነው።